ስለ እንዝርትና ስለ ልቃቂት

ጥጥ ሲያዩት ነፋስ የሚያነሣው ደካማ ነገር ነው። ሕፃን ልጅ በሁለት ጣቱ ቢስበው ያለ ድካም ይበጣጥሰዋል። ነገር ግን ያው ጥጥ በእንዝርት ሲፈተል ክር ይሆናል፤ ክሩም ሲሸመን ሰውን ከብርድና ከፀሐይ የሚጠብቅ ልብስ ይሆናል። ደካማ የነበረው ጥጥ በምን በረታ? ልጆች ሆይ፥ ይህን ታውቁ ዘንድ የፈታይን እጅ በትዕግሥት ተመልከቱ።

ድሬዳዋ በባቡር ምክንያት የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንዱ ወገን ከዚራ፥ በሌላው ወገን መጋላ አለ። በበጋ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በደጋው ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት ይሞላል። ባቡሩ ከባሕር ማዶ የመጣውን ክርና ጨርቅ ከወደቡ ወደ አገር ውስጥ ያስገባ ነበር። ከጊዜም በኋላ በከተማይቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተክሎ ለብዙ ዓመት ሠራ። ይህ ሁሉ ሲሆን እንዝርት ከቤት አልወጣችም። መኪናው በፋብሪካ ሲጮኽ፥ እንዝርት በጓዳና በበረንዳ ድምፅ ሳታሰማ ትሾር ነበር።

የመፍተል ሥራ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ጥጡ ከፍሬው ይለያል። ሠራተኛዋ ጥጡን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኑራ፥ በላዩ ቀጭን የብረት ዘንግ ታንከባልላለች። ፍሬው እየተፈናጠረ ይወጣል፥ ጥጡም ብቻውን ይቀራል። ይህ መዳመጥ ይባላል። ከዚህ በኋላ ጥጡ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት እየተንቀጠቀጠ ጥጡን ያፍታታዋል፥ ጉድፉንም ያራግፈዋል። ተነድፎ የለሰለሰው ጥጥ ባዘቶ ይባላል። ሰዎች በሰማይ ላይ ነጭ ደመና ሲያዩ «ባዘቶ ይመስላል» የሚሉት ስለዚህ ነው።

እንዝርት ቀጭን ዘንግ ናት፤ በዘንጓም ላይ ክብ ነገር ተሰክቶባታል። ይህ ክብ ነገር በክብደቱ እንዝርቷ ቶሎ እንዳትቆም ያደርጋታል። ፈታይዋ ዘንጓን በጭኗ ላይ አኑራ በቀኝ መዳፏ ገፋ ስታደርጋት፥ እንዝርቷ መሾር ትጀምራለች። በግራ እጇም ባዘቶውን ይዛ በዝግታ ወደ ላይ ትስባለች። ባዘቶው እየቀጠነ ይጠመዘዛል፥ የተጠመዘዘውም ፈትል በዘንጓ ላይ ይጠቀለላል። ፈትሉ በዝቶ ሲድበለበል ልቃቂት ይባላል።

አሁን ጥጥ የሚበረታበትን ምክንያት አስተውሉ። የአንዱ የጥጥ ቃጫ ርዝመት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ፈትሉ ግን ብዙ ክንድ ይረዝማል። ቃጫዎቹ በመርፌ አልተሰፉም፥ በሙጫም አልተጣበቁም። በተጠመዘዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው ይተቃቀፋሉ፤ ክሩን በሳቡትም መጠን ይበልጥ ይጠባበቃሉ። መጠምዘዙ ካነሰ ክሩ ይላቀቃል፤ ከበዛም ይቈላለፋል። ስለዚህ ፈታይ ልኩን በዐይኗ ብቻ ሳይሆን በጣቷ ታውቃለች። አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ ይህን የመሰለውን ኅብረት ማስተማራቸው ነው።

እንደዚሁም ጥጥ ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፥ እጅግ ሲደርቅ ግን ይበጣጠሳል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቅ አገር ማለዳና ማታ ለፈትል ከቀትር ይልቅ ይመቻሉ። በዚያን ሰዓት ሴቶች ከቤት ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ ቡና ይቈላል፥ ጎረቤት ይጠራል፥ እንዝርትም ትሾራለች። እጅ ሲሠራ አፍ ይጫወታል፥ ልብም ያርፋል። ሲመሽ ባዘቶው ጐድሎ ልቃቂቱ አድጎ ይታያል። የቀን ድካምን እንዲህ በዐይን ማየትና በእጅ መዳሰስ ትልቅ ደስታ ነው።

ሌሎች እናቶች ደግሞ ከክር ዳንቴልና ሹራብ ይሠራሉ። ዳንቴል ኪሮሽ በሚባል፥ ጫፉ በተቈለመመ አንድ መርፌ ይሠራል፤ ሹራብም በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ይሠራል። ሸማ ከድርና ከማግ የሚሠራ ነው፤ ድሩ በርዝመት ይዘረጋል፥ ማጉም በአግድም እየተመላለሰ በመካከሉ ያልፋል። የሹራብ ክር ግን በገዛ ቀለበቱ ውስጥ እያለፈ ሌላ ቀለበት ይሠራል። ስለዚህ ሹራብ ሲስቡት ይለጠጣል፥ ሲለቁትም ይመለሳል። ነገር ግን አንዲት ቀለበት ብታመልጥ ከበታችዋ ያሉት ተከታትለው ይፈታሉ። ብልኅ ሠራተኛ ስሕተቷን ባየች ጊዜ ሳታፍር ወደ ኋላ ተርትራ ታርመዋለች።

የእጅ ሥራ መኪና የሌለው ሰው ሥራ ብቻ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር፥ ለማጉ የእጅ ፈትል ያደርጋሉ። ድሩ ተወጥሮ ስለሚሠራ ጠንካራና ወጥ የሆነ ክር ይፈልጋል፤ የእጅ ማግ ደግሞ ለሸማው ልስላሴ ይሰጠዋል። እንዲህ ሆኖ መኪናና እጅ በአንድ ልብስ ላይ ይገናኛሉ። በህንድ አገርም ማህተማ ጋንዲ የሕግ ትምህርት የተማረ ሰው ሲሆን በገዛ እጁ ይፈትል ነበር። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለ አገሩ ነጻነት ሊነጋገር ወደ ሎንዶን በሄደ ጊዜ፥ በታላላቅ ሰዎች ፊት በእጅ ከተፈተለ ክር የተሠራ ልብሱን ለብሶ ታየ። የአገሩን ሰዎች ሥራ በልብሱ አከበረው።

የእጅ ሥራ የሠሪውን ልብ ይገልጣል። ይህንም ከሚከተለው ታሪክ ተማሩ።

በድሬዳዋ በመጋላ በኩል አንዲት ልጅ ከአያቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር ትኖር ነበር። ወንድሟ ለትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን ሊሄድ ነበረ። ደብረ ብርሃን ብርዱ የጸና ደጋ ነው፤ ልጁ ግን በቈላ ያደገ ስለ ሆነ ጋቢ አልነበረውም። አያቷም ዐይናቸው ደክሞ ነበርና ባዘቶውን ከሁለት ከፍለው እኩሌታውን ለልጅቱ ሰጧት።

«ልጄ፥ እኔ ይህን እፈትላለሁ፥ አንቺም ያን ፍተዪ። ወንድምሽ ብርድ ሳይነካው የሚያድረው በእኔና ባንቺ እጅ ነው» አሏት።

በመጀመሪያው ቀን ልጅቱ በደስታ ፈተለች። በሁለተኛው ቀን ክሩ እየተበጠሰ አስቸገራት። በሦስተኛው ቀን ጓደኞቿ በደቻቱ አሸዋ ላይ ሲጫወቱ ድምፃቸውን ሰማች፤ ልቧም ከእንዝርቷ ተለየ። ቶሎ ልትጨርስ ባዘቶውን እየጐተተች ፈተለችው፤ ፈትሉም አንድ ስፍራ እንደ ገመድ ወፍራም፥ አንድ ስፍራ እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ሆነ። የተበጠሰውንም በብዙ ቋጠሮ ቀጠለችው። ከዚያ በኋላ አንድ ክፉ አሳብ መጣባት። መጥፎውን ፈትል ከውስጥ አድርጋ፥ በመጀመሪያው ቀን የፈተለችውን መልካሙን ክር በላዩ ጠቀለለችበት። ልቃቂቱም ከላይ ሲታይ ነጭና ለስላሳ ሆነ።

አያቷ ልቃቂቱን በእጃቸው ዳሰሱና «እጅሽ ይባረክ» አሏት። ልጅቱም «አሜን» አለች፤ ነገር ግን ምርቃቱ ከበዳት።

ሁለቱም ልቃቂት ወደ ሸማኔው ተወሰደ። ሸማኔው ሽማግሌ ነበሩ። የልጅቱን ማግ በቀሰም ላይ ሲያጠነጥኑ የላዩ ፈትል እንደ ውኃ ወረደላቸው። ወደ ውስጥ በገቡ ጊዜ ግን ክሩ ይበጠስ ጀመር፤ ቢቀጥሉት እንደ ገና ይበጠሳል። ልጅቱ ስለ ጋቢው ልትጠይቅ በመጣች ጊዜ፥ የቀረውን ልቃቂት በእጇ ላይ አኖሩላት።

«ልጄ፥ ላዩን የፈተለችው ሌላ፥ ውስጡን የፈተለችው ሌላ ናትን?» ብለው ጠየቋት።

ልጅቱም መሬት መሬቱን እያየች «ሁለቱንም የፈተልሁ እኔ ነኝ፥ አባባ» አለቻቸው።

ሸማኔው አልተቈጧትም። «እውነቱን መናገርሽ ደግ ነው። ነገር ግን እውነት መናገር የተበጠሰውን ክር አይቀጥለውም። እንግዲህ ጋቢው ለወንድምሽ መንገድ አይደርስም» አሏት።

የመንገዱ ቀን ደረሰ። አያቷ የገዛ ጋቢያቸውን አጥፈው ለልጁ ሰጡት። ልጁም «እምዬ፥ እርስዎስ ምን ሊለብሱ ነው?» አላቸው። እርሳቸውም «ለእኔ የድሬዳዋ ሙቀት ይበቃኛል» ብለው ሣቁ። ልጅቱ ግን በበሩ ጀርባ ቆማ አለቀሰች።

ታኅሣሥ በገባ ጊዜ የድሬዳዋ ሌሊትም ቀዘቀዘ። ልጅቱ አንድ ሌሊት ነቅታ አያቷን አየቻቸው። እግራቸውን ሰብስበው በስስ ነጠላ ተጠቅልለው ተኝተው ነበር። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በነጋ ጊዜ በፊታቸው ተንበርክካ ያደረገችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

አያቷ ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም «ልጄ፥ የሁሉም ክር ይበጠሳል፤ የእኔም ይበጠሳል። የተበጠሰውን ለሚያዩት ሰዎች ቢያሳዩት ይቀጠላል። የተደበቀው ግን ሸማውን ያበላሻል። ተነሺ፥ ወደ ገበያ እንሂድ» አሏት። ወደ ቀፊራ ገበያም ሄደው ጥጥ ገዙ። አያቷ የፈተሉት መልካም ማግ በሸማኔው ቤት ተቀምጦ ይጠብቅ ነበርና የጐደለው የልጅቱ ድርሻ ብቻ ነበር።

ልጅቱ በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ትፈትል ጀመር። ክሩ በተበጠሰ ጊዜ ቆማ በደንብ ትቀጥለዋለች፤ በወፈረ ጊዜም ወደ ኋላ መልሳ ታቀጥነዋለች። በመጀመሪያ ሥራው ቅጣት መሰላት። ብዙ ቀን ካለፈ በኋላ ግን ጣቶቿ የባዘቶውን ልክ አወቁ። እንዝርቷን ስታሾር የወፎችን ድምፅ ትሰማለች፤ ትናንት የተማረችውን በልቧ ታነባለች፤ ልቃቂቱም ሲያድግ ደስ ይላታል። ጓደኞቿም ይህን አይተው እንዝርት ይዘው ከአጠገቧ ይቀመጡ ጀመር።

ጥር ሳያልቅ ጋቢው ተሸምኖ መጣ። አያቷ ለበሱትና ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ዳሰሱት። «የእኔ ፈትል የትኛው፥ ያንቺስ የትኛው እንደ ሆነ እጄ ሊለየው አልቻለም። እጅሽ ይባረክ» አሏት። ልጅቱም «አሜን» አለች። በዚህ ጊዜ ምርቃቱ አልከበዳትም።

ልጆች ሆይ፥ ልቃቂት የሠራተኛ ምስክር ነው። ሰው የላዩን ብቻ አይቶ ቢያመሰግን፥ ውስጡ በሸማኔ እጅ መገለጡ አይቀርም። በንባብም፥ በጽሕፈትም፥ በሒሳብም እንዲሁ ነው። ያልገባውን ትምህርት ገብቶኛል የሚል ተማሪ መጥፎ ፈትል በልቃቂት ውስጥ ይሸሽጋል፤ በፈተና ቀን ክሩ ይበጠሳል። ስሕተቱን ለመምህሩ የሚያሳይ ግን ዛሬ ጥቂት ቢያፍር፥ ነገ ሥራው ይጸናለታል።

በቤታችሁ እንዝርት ብታገኙ አትናቋት። አያታችሁን ወይም እናታችሁን እንዲያስተምሯችሁ ለምኑ። የመጀመሪያው ክር ቢበጠስ ተስፋ አትቍረጡ፤ እንደ ገና ጀምሩ። እጅ ሥራን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ የሥራ ደስታም የሚመጣው እጅ ከለመደ በኋላ ነው።

ጥያቄ

1. መዳመጥና መንደፍ ምን ምን ናቸው?
2. አጭር የሆነው የጥጥ ቃጫ እንዴት ረጅምና ጠንካራ ክር ይሆናል?
3. ሸማና ሹራብ በአሠራራቸው በምን ይለያያሉ?
4. የመጀመሪያው ምርቃት ለልጅቱ ለምን ከበዳት? ሁለተኛውስ ለምን አልከበዳትም?
5. ሸማኔው «እውነት መናገር የተበጠሰውን ክር አይቀጥለውም» ያሉት ስለ ምን ነው? ክሩ በመጨረሻ በምን ተቀጠለ?