ሜሪ ዋርድ፦ በመታዘዝ የጸናች መሥራች



በየቁምስናችን ሕፃናትን ለቅዱስ ቍርባን የሚያዘጋጁ፣ ሕሙማንን የሚጠይቁና ትምህርት ቤቶችን የሚመሩ ደናግልን ማየት ለምደናል። አገልግሎታቸው ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለናል። ነገር ግን ደናግል ከገዳም ቅጥር ወጥተው እንዲያስተምሩ መንገዱ የተጠረገው በብዙ መከራ ነው። ከዚህ መከራ ተካፋዮች አንዷ የሆነችውን የሜሪ ዋርድን ሕይወት በዚህ ትምህርት እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በስደት ዘመን

ሜሪ ዋርድ በ1585 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሺር ተወለደች። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ቅዳሴ ማስቀደስ የሚያስቀጣ፣ ካህንን በቤት መሸሸግም እስከ ሞት የሚያደርስ ወንጀል ነበር። በልጅነቷ ያሳደገቻት አያቷ ስለ እምነቷ ለብዙ ዓመታት ታስራ ነበር። ካህናት ተደብቀው በሚኖሩበት አገር እምነትን ለልጆች የሚያወርሱት በአብዛኛው እናቶች መሆናቸውን ሜሪ በዓይኗ አየች።

በ1606 ባሕር ተሻግራ በሴንት ኦሜር ከተማ ወደ ቅድስት ክላራ ደናግል ገባች። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን እግዚአብሔር ለሌላ አገልግሎት እንደሚፈልጋት ተረድታ ወጣች፤ ጓደኞችንም ሰብስባ በዚያው ከተማ ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1611 የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላን ሥርዓት መከተል እንዳለባት በጸሎት ተገለጠላት። ይህም ማለት በገዳም ቅጥር ሳይወሰኑ፣ በራሳቸው አለቃ እየተመሩ፣ በቀጥታ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እየታዘዙ ወደሚያስፈልጉበት ስፍራ ሁሉ መላክ ነበር።

ተቃውሞው

የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 ደናግል ከገዳማቸው ቅጥር እንዳይወጡ አጽንቶ ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች የሜሪን ሐሳብ እንደ ድፍረት ቈጠሩት። የእኅቶቹ ትጋት ሴቶች ስለሆኑ ብዙም ሳይቈይ ይበርዳል የሚል ቃል በደረሳት ጊዜ፣ የጋለ መንፈስ የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ የወንድነት ወይም የሴትነት ውጤት አለመሆኑን ለእኅቶቿ አስተማረች።

በ1621 ከጓደኞቿ ጋር በክረምት የአልፕስን ተራሮች አቋርጣ፣ በልደት ዋዜማ ሮም ደረሰችና ማኅበሯ እንዲጸድቅ ለመነች። ፈቃዱ አልተገኘም። ቤቶቿ በየአገሩ መዘጋት ሲጀምሩ፣ ትእዛዙ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የመጣ ስላልመሰላት በ1630 እኅቶቿ እንዳይቀበሉት ጻፈች። ይህ ደብዳቤ ክሱን አከበደባት። በጥር 1631 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 8ኛ ማኅበሩ ፈጽሞ እንዲፈርስ ደነገጉ። እርሷም በሙኒክ ከተማ በመናፍቅነት ተከሳ ለሁለት ወር ያህል በአንድ ገዳም ታሰረች። ከዚያም በሎሚ ጭማቂ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር፤ እኅቶቿ ወረቀቱን በእሳት ሲያሞቁት ጽሕፈቱ ይታይ ነበር።

በጽኑ ታማም ሳለች፣ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያንን ከመቀበሏ በፊት ጥፋተኛ የሚያስመስላትን ጽሑፍ እንድትፈርም ተጠየቀች። ይህ በንጹሓን እኅቶቿ ላይ ነቀፋ ስለሚያመጣ እምቢ አለች፤ በምትኩ ለቤተ ክርስቲያን ያላትን ታማኝነት ራሷ ጽፋ አቀረበች። የድንጋጌው እውነተኛነት ከተረጋገጠላት በኋላ ግን እኅቶቿ እንዲታዘዙ አዘዘች። ከእስር ተፈትታም ወደ ሮም ሄደች፤ ኡርባኖስ 8ኛም ተቀበሏት። በ1645 በእርስ በርስ ጦርነት መካከል በዮርክ አጠገብ ዐረፈች።

ፍሬው

ዘሯ ግን በመሬት ውስጥ አልሞተም። የቀሩት እኅቶች ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ ሥርዓታቸውን በ1703 ቀለሜንጦስ 11ኛ አጸደቁ። ሆኖም በ1749 ሜሪን መሥራቻችን ብለው እንዳይጠሯት ተከለከሉ፤ ይህ ክልከላ የተነሣው በ1909 ነው። በ2009 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 16ኛ የክብርትነት ማዕርግ ሰጧት። ከእርሷ ሥር በአየርላንድ የሎሬቶ እኅቶች ወጡ፤ የካልካታዋ ቅድስት ተሬዛም የራሷን ማኅበር ከመመሥረቷ በፊት በ1928 የገባችው ወደ እነርሱ ነበር። በአገራችን ድሆችን የሚያገለግሉትን የማዘር ተሬዛን ደናግል ስናይ፣ የዚህን ረጅም መንገድ አንድ ፍሬ እናያለን።

ትምህርቱ ለእኛ

ከጠላት የሚመጣ መከራ ከባድ ነው፤ ከእናት የሚመጣ «አይሆንም» ግን ከዚያ ይልቅ ልብን ይሰብራል። ሜሪ ዋርድ ቤተ ክርስቲያንን ጥላ አልወጣችም፤ እውነት ያልሆነውን ግን እውነት ነው ብላ አልፈረመችም። መታዘዝ ኅሊናን መሸጥ አይደለም፤ ጽናትም ማመፅ አይደለም። በቁምስናችን አንድ አሳባችን ባይፈቀድልን፣ አገልግሎታችንም ባይመሰገን፣ ተቀይመን ቤት የምንቀመጥ ስንቶች ነን?

ለውይይት

1. በአካባቢያችን እምነትን ለልጆች በማውረስ የሴቶች ድርሻ ምን ያህል ነው? ተገቢውን ክብርስ ሰጥተነዋልን?
2. በቅን ልብ የጀመርነው አገልግሎት ሲከለከል ምን እናደርጋለን?
3. ሜሪ እንድትፈርም የተጠየቀችውን እምቢ ማለቷና በኋላ መታዘዟ እንዴት ይስማማሉ?