ስለ ጦርነት የሚወጣ ልጥፍ እንዴት ይመረመራል?

ከሐሰትነት ባሻገር

ልጥፍ የሚባለው በፌስቡክ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ለብዙ ሰው እንዲታይ የሚወጣ ጽሑፍ፣ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ነው። አሳሳች ልጥፍ የግድ ውሸት የያዘ አይደለም። እውነተኛ ፎቶ በሌላ ቀንና በሌላ ከተማ ስም ሊወጣ፣ እውነተኛ ድርጊትም ግማሹ ተነግሮ ግማሹ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «እውነት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ «ያየው ሰው ምን እንዲያደርግ ተፈልጎ ወጣ?» የሚለውም አብሮ መነሣት አለበት።

ለምሳሌ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በአማራ ክልል በሞጣ ከተማ አራት መስጊዶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ። በወቅቱ እንደተዘገበው፣ ለጥቃቱ መነሻ የሆነው ከጥቂት ቀናት በፊት በአንድ ቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሥቷል የሚል ዜና ነበር። እሳት ተነሣ ማለት አንድ ነገር ነው፤ በምን ተነሣ የሚለው ሌላ፣ ማን አነሣው የሚለው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ጥያቄ ነው። አሳሳች ልጥፍ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን አስረግጦ ሌሎቹን ያለ ማስረጃ ያስከትላል። በጦርነት ጊዜም አሠራሩ ያው ነው፤ ቤት መቃጠሉ በፎቶ ይታያል፣ ያቃጠለው ማን እንደሆነ ግን ፎቶው አይናገርም።

ኔትወርክ በጠፋበት ቦታ የሚናገረው ማን ነው?

በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣውን ውጊያ ተከትሎ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በአማራ ክልልም የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ በክልሉ ስላለችው ስለ ብቸና ከተማ የሚጽፈው በአብዛኛው ብቸና የሌለ ሰው ይሆናል። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ በስልክ የሰማውን ሲጽፍ፣ የሰማው ከማን እንደሆነና ነጋሪው ድርጊቱን በዐይኑ ያየ መሆን አለመሆኑን ካልገለጸ፣ ልጥፉ ከወሬ አያልፍም። መረጃው ከቦታው በምን መንገድ ወጣ የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው። ኢንተርኔት በሌለበት ከተማ «አሁን በዚህ ደቂቃ» እየተባለ የሚታይ ቪዲዮ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ሊታመን አይገባም።

ይሁን እንጂ አንድ ወሬ ወዲያው አለመረጋገጡ ሐሰት አያደርገውም። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመርዓዊ ከተማ ስለተፈጸመው ግድያ የወጣው ወሬ በመጀመሪያ ማረጋገጫ አልነበረውም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ያሳወቀው ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። ሁሉን ማመን እንደሚጎዳ ሁሉን መካድም ይጎዳል፤ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች በሐዘናቸው ላይ ውሸታም ይባላሉ። ትክክለኛው አቋም «እስካሁን አልተረጋገጠም» ብሎ መጠበቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ከማመንም ከመካድም ይከብዳል።

የቦታና የወቅት ምልክቶች

ፎቶ ሲነሣ ጊዜውና ቦታው በሜታዳታ (ከፎቶው ፋይል ጋር ተደብቆ በሚቀመጥ መግለጫ) ሊመዘገብ ይችላል። ፎቶው በማኅበራዊ ሚዲያ ሲላክ ግን ይህ መግለጫ በአብዛኛው ይጠፋል። በጎግል ሌንስ (ፎቶን በፎቶ በሚፈልግ መሣሪያ) ምስሉ ከዚህ በፊት ወጥቶ እንደሆነ መፈለግ ይቻላል። ከዓመታት በፊት በሶርያ ወይም በየመን ስም የወጣ ምስል ከተገኘ ጉዳዩ ያበቃል። ምንም አለመገኘቱ ግን አዲስነቱን አያረጋግጥም።

ከመሣሪያው ይልቅ የአገሬው ሰው ዕውቀት የሚሻልበት ብዙ ነው። ጤፍ በክረምት ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ የካቲት ላይ ተቀረጸ በተባለ ቪዲዮ ውስጥ ገና የለመለመ የጤፍ ማሳ ቢታይ ወይ ቀኑ ወይ ቦታው ተሳስቷል። የጮቄ ተራራ ከሞጣ በስተ ደቡብ፣ ከብቸና ግን በስተ ሰሜን ምዕራብ ይገኛል። ተራራው በምስሉ ከታየ፣ በምስሉ ያለው የጥላ አቅጣጫ ከተጠቀሰው ሰዓት ጋር ሲመዛዘን ተራራው በየት በኩል እንዳለ ስለሚያሳይ የከተማውን ስም ለመፈተን ያገለግላል። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የባጃጅ ቀለም፣ የሰዎቹ አነጋገር ሳይቀር ይመሰክራሉ። ገበሬና ነጋዴ እነዚህን በአንድ እይታ ሲለዩ፣ ሩቅ ያለ መርማሪ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል።

የሚያጣድፍ ቋንቋ

«ሳይጠፋ ሼር አድርጉ»፣ «ሙሉ በሙሉ ተደመሰሰ» የሚሉ አባባሎች በሁሉም ወገን ይገኛሉ። የሚያጣድፉትም አንባቢው ከቁጣው በርዶ ለመጠየቅ ጊዜ እንዳያገኝ ነው። በድል ዜናዎች ላይ ደግሞ የጠላት ሟች ሁልጊዜ ብዙ፣ የራስ ሟች ሁልጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ውጊያ እንዲህ አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው የአንድን ግለሰብ ስም፣ ፎቶና አድራሻ ይዞ «ጠላት ነው» የሚል ልጥፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በነበሩ የትግራይ ተወላጅ ላይ በፌስቡክ እንዲህ ያሉ ልጥፎች ወጡ፤ ጥቅምት 24 ቀን በመኖሪያቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ልጥፎቹ እንዲነሡ አስቀድሞ ለኩባንያው ማመልከቱን ገልጾ፣ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሌሎች ከሳሾች ጋር በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በኬንያ ከሰሰ። የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።