የሚባክነው ሙቀትና የአውሮፕላን ሞተር

በጄት ሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል የሚገኘው ኃይል ሁሉ አውሮፕላኑን ለመግፋት አይውልም። ከፊሉ ከሞተሩ ጀርባ በሚወጣው ትኩስ ጋዝ አማካይነት በአየር ላይ ይበተናል። ይህን ሙቀት መልሶ ሥራ ላይ ማዋል ይቻላልን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በቀላል ስሌት እንመረምራለን።

ሙቀት መለዋወጫ ማለት ሁለት ፈሳሾች ወይም ጋዞች ሳይቀላቀሉ በስስ የብረት ግድግዳ በኩል ሙቀት እንዲለዋወጡ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። የመኪና ራዲያተር የዚሁ ወገን ነው። በጄት ሞተርም ላይ የነዳጅና የዘይት ሙቀት መለዋወጫ ይገኛል፤ የሞተሩ ትኩስ ዘይት ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ነዳጅ ስለሚሰጥ፣ ዘይቱ ይበርዳል፣ ነዳጁም ይሞቃል። ትልቁ ሙቀት ያለው ግን በጭስ ማውጫው በኩል ነው።

የጄት ሞተር አየር ስቦ በኮምፕሬሰር ይጨምቃል፣ ነዳጅ አቃጥሎ ያግለዋል፤ ከዚያም ጋዙ ተርባይኑን አሽከርክሮ ይወጣል። አየር ሲጨመቅ መጠነ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጋዙ ሲለጠጥ ደግሞ ይቀንሳል። በኬልቪን ሲለካ፣ የለውጡ ማባዣ የግፊት ንጥጥሩ በ2/7 ርቢ ከፍ ብሎ የሚገኘው ቁጥር ነው።

የሚገባው አየር 288 ኬልቪን፣ ከማቃጠያው ክፍል የሚወጣው ጋዝ 1600 ኬልቪን ነው እንበል፤ ልዩ ልዩ ብክነቶችንም እንተው። የግፊት ንጥጥሩ 10 ሲሆን ማባዣው 1.93 ነው። ስለዚህ የተጨመቀው አየር 556፣ የሚወጣው ጋዝ 829 ኬልቪን ይሆናል። ከልዩነቱ 80 በመቶው በሙቀት መለዋወጫ ለተጨመቀው አየር ቢተላለፍ፣ አየሩ ማቃጠያው ክፍል የሚደርሰው በ774 ኬልቪን ነው። በዚህም ከነዳጁ አንድ አምስተኛ ገደማ ይተርፋል፤ ብቃቱም ከ48 ወደ 61 በመቶ ከፍ ይላል።

ታዲያ ይህ ዘዴ ለምን በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ አልተለመደም? ንጥጥሩን 40 እናድርገው። የተጨመቀው አየር 826፣ የሚወጣው ጋዝ ግን 558 ኬልቪን ይሆናል። ሙቀት በራሱ ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ እንጂ በተቃራኒው አይሄድምና፣ መሣሪያው አየሩን በማሞቅ ፈንታ ያበርደዋል። ያለ ምንም ሙቀት መለዋወጫ የዚህ ሞተር ብቃት 65 በመቶ ይደርሳል። ንድፍ አውጪዎች ግፊትን ማሳደግ የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላ መንገድ ግን አለ። መጭመቁን ለሁለት ከፍሎ፣ በመካከሉ አየሩን በሞተሩ ዙሪያ በሚያልፈው ቀዝቃዛ አየር ማብረድ ይቻላል። ንጥጥሩ 20 ሲሆን የተጨመቀው አየርና የሚወጣው ጋዝ መጠነ ሙቀት እኩል ሊሆን ይቃረባል፤ 678 እና 680 ኬልቪን ነው። አየሩ በመካከል እስከ 320 ኬልቪን ቢበርድ ግን መጨረሻ ላይ 491 ኬልቪን ብቻ ይሆናል። የመጭመቂያው ሥራ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ የጭሱን ሙቀት ለመመለስም በር ይከፈታል። በሁለቱ መሣሪያዎች ብቃቱ ከ57.5 ወደ 62 በመቶ ያድጋል። ይህ ከ65 በመቶ ቢያንስም፣ ከእያንዳንዱ ኪሎ ግራም አየር የሚገኘው ሥራ ከ40ው ሞተር በ18 በመቶ ይበልጣል።

ይህ ጥምረት ደብልዩ አር 21 በተባለው የመርከብ ሞተር ላይ ውሏል። መርከብ ክብደትን ይችላል፤ አውሮፕላን ግን እያንዳንዱን ተጨማሪ ኪሎ በነዳጅ ይከፍላል። በመለዋወጫው ጠባብ ቱቦዎች የሚያልፈው አየርም ግፊቱን ያጣል።

ከዚህ ሌላ የደኅንነት ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 2008 ከቤጂንግ ወደ ለንደን የበረረ ቦይንግ 777 ሊያርፍ ሲል ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይል አነሳቸው፤ አውሮፕላኑም ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርስ መሬት ነካ። መርማሪዎች እንደደረሱበት፣ በነዳጅ ቧንቧ ውስጥ የተጠራቀመ በረዶ ተላቆ የነዳጅና የዘይት ሙቀት መለዋወጫውን አፍ ሳይዘጋው አልቀረም። ከ152ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች የሞተ የለም፤ የመሣሪያው ንድፍ ግን ተሻሽሏል።

እንግዲህ ሙቀት መለዋወጫ የሚመዘነው በሚመልሰው ሙቀት ብቻ አይደለም። ክብደቱ፣ የሚያስከትለው የግፊት ብክነትና አስተማማኝነቱ አብረው ይታያሉ። አንባቢም ከማቃጠያው የሚወጣው ጋዝ 1800 ኬልቪን ቢሆን፣ ሁለቱ መጠነ ሙቀቶች እኩል የሚሆኑት በየትኛው ንጥጥር እንደሆነ አስልቶ ይድረስበት።