የቡሶላና የራቼት መፍቻ አመራረጥ
ለዕርዳታ ማመላለሻ መኪናዎችና ለውሃ ተቋማት ጥገና

በድርቅ የተጎዳን ሕዝብ ለመርዳት የሚደረግ ሥራ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰቡት እህል፣ መድኃኒትና መጠለያ ናቸው። እነዚህን ሁሉ ከወደብ እስከ ዕደላ ጣቢያ የሚያደርሰው ግን መኪና ነው። መኪናው ከሥራ ውጭ እንዳይሆን የሚያደርገው ደግሞ የመካኒኩ ሙያና በእጁ ያለው መሣሪያ ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል በሚታደልበት ልክ ቢሰላ፣ 200 ኩንታል የጫነ አንድ መኪና ከ1,300 ለሚበልጡ ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ይዟል ማለት ነው። ይህ መኪና ራሱ በተላጠ አንድ ብሎን ምክንያት ሦስት ቀን ቢቆም፣ የሚዘገየው የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ቀለብ ነው።

ጉዳዩ በታሪካችንም የታየ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከውጭ የመጣው የዕርዳታ እህል በአሰብ ወደብ ሲከማች ከዋና ዋናዎቹ ችግሮች አንዱ የማመላለሻ እጥረት ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጎጃምና ወደ ሌሎችም አካባቢዎች በሠፈራ ሲዛወር፣ ከመጓጓዣው በተጨማሪ የትራክተር፣ የውሃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ ጥገና አብሮ የሚመጣ ሥራ ሆኗል። ዛሬም የገቢ ጭነታችን አብዛኛው ከጅቡቲ ረጅም መንገድ ተጉዞ የሚመጣ በመሆኑ የጥገና መሣሪያ ነገር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ስለሆነም ይህ ትምህርት ለግዥ ሠራተኞች፣ ለንብረት ክፍል ኃላፊዎችና በመስክ ለተሰማሩ የዕርዳታ ሠራተኞች ስለ አንድ መሣሪያ፣ ማለትም ስለ ቡሶላና ራቼት አመራረጥ ያብራራል።

1. መሣሪያው ምንድን ነው?

ቡሶላ የብሎን ወይም የዳዶ ራስ ውስጥ የሚገባበት፣ እንደ ቆብ ከላይ የሚደፋ የብረት መፍቻ ነው። ከጀርባው እጀታ የሚሰካበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። ራቼት የሚባለው ደግሞ በውስጡ ጥርስ ያለው ክብ ብረትና ጥርሱን የሚነክስ አነስተኛ ብረት የያዘ እጀታ ነው። ነካሹ ብረት በአንድ አቅጣጫ ሲይዝ በሌላው ይለቃል። ስለዚህ መካኒኩ ቡሶላውን ከብሎኑ ላይ ሳያነሣ እጁን ወደፊትና ወደኋላ በማመላለስ ብቻ መፍታት ወይም ማጥበቅ ይችላል። ይህን የመሰለ መፍቻ በአሜሪካ በ1863 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ተሰጥቶበታል።

የመሣሪያው ጥቅም ጊዜ መቆጠብ ብቻ አይደለም። አፉ ክፍት የሆነ ተራ መፍቻ የብሎኑን ራስ በሁለት ጎን ብቻ ሲይዝ፣ ጥሩ ቡሶላ በስድስቱም ጎን ይይዘዋል። ዝገት የያዘውን ብሎን ራሱን ሳይልጡ ለመፍታት ይህ ወሳኝ ነው።

2. ከመግዛት በፊት ብሎኑን ማወቅ

በግዥ ላይ በብዛት የሚታየው ጉድለት መሣሪያውን በዕቃዎቹ ብዛት መምረጥ ነው። «ባለ 150 ዕቃ» ተብሎ የሚሸጥ ሣጥን ብዙውን ጊዜ ግማሹ ትንንሽ የካቻቢቴ ጫፎች ሲሆኑ፣ ለጭነት መኪና የሚያስፈልገው ትልቅ ቡሶላ በውስጡ አይገኝም። ትክክለኛው አሠራር በቅድሚያ በጣቢያው ያሉትን መኪናዎች፣ ሞተሮችና ፓምፖች መመዝገብ፣ ቀጥሎም የብሎኖቻቸውን ልክ ማወቅ ነው።

ዕርዳታ ከብዙ አገር ሲመጣ ማሽኑም ከብዙ አገር ይመጣል፤ የብሎኑም ልክ እንደየአገሩ ይለያያል። 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በጃፓን ሥሪት መኪና ላይ ራሱ ብዙውን ጊዜ 12 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በአውሮፓ ሥሪት ላይ 13 ነው። 10 ሚሊሜትር የሆነው በጃፓን 14፣ በአውሮፓ 16፣ በቆየው የአውሮፓ ሥሪት ደግሞ 17 ይሆናል። 12 ሚሊሜትር የሆነውም በጃፓን 17፣ በአውሮፓ 18 ወይም በቆየው 19 ነው። እንግዲህ ለጃፓን መኪና ብቻ ታስቦ የተገዛ ስብስብ 13፣ 16 እና 18 ቁጥር ከሌሉት በአውሮፓ ሥሪት መኪና ላይ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

በቆዩ የእንግሊዝ ሞተሮችና በአሜሪካ ማሽኖች ላይ ደግሞ ልኩ በኢንች ነው። ¾ ኢንች 19.05 ሚሊሜትር ስለሆነ 19 ቁጥር ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን 9/16 ኢንች 14.29 ሚሊሜትር ነው፤ 14 ቁጥር አይገባለትም፣ 15 ቁጥር ደግሞ ይሰፋዋል። የሰፋ ቡሶላ የብሎኑን ማዕዘን ልጦ ስለሚያበላሽ፣ እንዲህ ያለ ማሽን በሚገኝበት ጣቢያ የኢንች ስብስብ ለብቻው መቅረብ አለበት።

በአንጻሩ አነስተኛ መሣሪያ የሚበቃበት ሥራም አለ። ኢንዲያ ማርክ 2 ለተባለው የእጅ ውሃ ፓምፕ ከሚያስፈልጉት መደበኛ መሣሪያዎች አንዱ 17 እና 19 ቁጥር ያለው ባለ ሁለት አፍ መፍቻ ነው። የእጅ ፓምፕ ብቻ ለሚጠግን ሠራተኛ ትልቅ የቡሶላ ሣጥን መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ገንዘቡ ለቧንቧ ማውጫ መሣሪያዎችና ለመለዋወጫ ቢውል ይሻላል።

3. የእጀታውን መሰኪያ መጠን መወሰን

ቡሶላው በእጀታው ላይ የሚሰካበት አራት ማዕዘን በዓለም ላይ በታወቁ መጠኖች ይሠራል። እነዚህም ¼፣ ⅜፣ ½፣ ¾ እና 1 ኢንች ናቸው። ማሽኑ በሚሊሜትር የተሠራ ቢሆንም እንኳ ይህ መሰኪያ የሚጠራው በኢንች ነው።

ለየትኛው ሥራ የትኛው መጠን እንደሚስማማ ለመረዳት ቀላል ስሌት ማድረግ ይቻላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሙሉ ክብደቱን 25 ሳንቲሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ ቢያሳርፍ ወደ 150 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ የመጠምዘዝ ኃይል ያገኛል። እጀታው 60 ሳንቲሜትር ቢሆን ኃይሉ ወደ 350 ይደርሳል። የከባድ ጭነት መኪና የጎማ ዳዶ ግን እንደ ሠሪው መመሪያ እስከ 600 ኒውተን ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጠብቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን በ½ ኢንች ራቼት ለመፍታት መሞከር ራቼቱን መስበር፣ መካኒኩንም መጉዳት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ክፍፍል መከተል ይጠቅማል፤

ሀ) ለትንንሽ ብሎኖች፣ ለኤሌክትሪክ ክፍሎችና ለጠባብ ቦታ ⅜ ኢንች፤

ለ) ለቀላል መኪና፣ ለፓምፕ ሞተርና ለአብዛኛው የጋራዥ ሥራ ½ ኢንች፣ ከ10 እስከ 32 ቁጥር፤

ሐ) ለከባድ መኪና ጎማ፣ ለባሌስትራና ለትራክተር ¾ ወይም 1 ኢንች፣ በተለይም 27፣ 30፣ 32 እና 33 ቁጥር።

አንድ ጣቢያ አንድ ስብስብ ብቻ የመግዛት አቅም ካለው ½ ኢንች የሆነውን ያስቀድም፤ የጎማውን ዳዶ ለመፍታት ደግሞ ለብቻው የተሠራ ጠንካራ የጎማ መፍቻ ይጨምር።

4. የጥሩ ቡሶላ ምልክቶች

አንደኛ፣ የውስጡ ቅርጽ ነው። ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ የብሎኑን ራስ በሰፊ ገጽ ስለሚይዝ ለዛገና በኃይል ለጠበቀ ብሎን ይመረጣል። ባለ 12 ማዕዘን ደግሞ በጠባብ ቦታ በቀላሉ ይገባል፤ ነገር ግን የሚይዘው ወደ ማዕዘኑ ተጠግቶ ስለሆነ ያረጀን ብሎን ቶሎ ይልጣል። ለመስክ ሥራ ባለ 6 ማዕዘኑ ይቅደም።

ሁለተኛ፣ የብረቱ ዓይነት ነው። በእጅ ለሚሠራ ቡሶላ በብዛት የሚውለው ክሮም ቫናዲየም የተባለው ብረት ነው። በአየር ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል በሚመታ መፍቻ ለሚሠራ ቡሶላ ግን ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ከክሮም ሞሊብዲነም የተሠራ ጥቁር ቡሶላ ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቀውን የእጅ ቡሶላ በሚመታ መፍቻ ላይ መሰካት ክልክል ነው፤ ቢሰበር ስብርባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በቡሶላው ላይ «ክሮም ቫናዲየም» ተብሎ መጻፉ ብቻ ማስረጃ እንደማይሆን ግን ሊዘነጋ አይገባም። ጥንካሬው የሚገኘው ብረቱ በትክክል በሙቀት ሲጠነክር ነው፤ ይህን ደግሞ ጽሑፍ አያረጋግጥም።

ሦስተኛ፣ አሠራሩ ነው። ቀዳዳው መሐል ላይ መሆኑን፣ የግድግዳው ውፍረትም ዙሪያውን እኩል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። አዲስ ብሎን ይዞ ሄዶ መሞከር ከሁሉ የተሻለ ምርመራ ነው፤ ቡሶላው ያለ ትግል መግባት፣ ከገባም በኋላ በጣም መወላወል የለበትም። የአፉ ጠርዝ ወደ ውስጥ በጣም ተዳፍቶ ከተቆረጠ ራሱ አጭር የሆነውን ብሎን አይዝም። የክሮም ልባሱ የተነሣ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ በሥራ ላይ ተልጦ እጅ ይቆርጣል። ቁጥሩ በወረቀት የተለጠፈ ሳይሆን በብረቱ ላይ በጉልህ የተቀረጸ ይሁን።

5. የራቼት ምርመራ

የራቼት ጥርስ ብዛት የሥራውን ስፋት ይወስናል። 24 ጥርስ ያለው በእያንዳንዱ ንክሻ 15 ዲግሪ፣ 36 ጥርስ ያለው 10 ዲግሪ፣ 72 ጥርስ ያለው ደግሞ 5 ዲግሪ መዞር ይፈልጋል። በጠባብ ቦታ ጥርሰ ብዙው ይመቻል። ነገር ግን አቧራ በበዛበት አካባቢ ከጥርስ ብዛት ይልቅ ተፈትቶ የሚጸዳና የውስጥ መለዋወጫ የሚገኝለት መሆኑ ይበልጣል።

ሲመረመር አቅጣጫ መቀየሪያውን ደጋግሞ ማዞር፣ በሁለቱም አቅጣጫ አጥብቆ መያዙን መፈተን፣ ጭንቅላቱም የማይወላወል መሆኑን ማየት ይገባል። በኃይል ሲያዝ የሚያመልጥ ራቼት የመካኒኩን እጅ ከሞተሩ ብረት ጋር ያጋጫል። ቡሶላውን የምትይዘው ትንሽ ኳስም በምንጯ ኃይል በደንብ መመለስ አለባት፤ አለዚያ ቡሶላው እየወደቀ ይጠፋል።

6. የግዥ ዝርዝር አጻጻፍ

«የቡሶላ ስብስብ፣ ብዛት 1» ተብሎ ጨረታ ከወጣ አሸናፊ የሚሆነው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው፤ የሚቀርበውም ዝቅተኛ ዕቃ ይሆናል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፣ ከመሣሪያው የተረፈው ጥቂት ብር ራሱ የተላጠውን ብሎን ለማስወጣት ከሚወጣው ወጪና ከሚባክነው ቀን ጋር አይመጣጠንም።

ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ የመሰኪያው መጠን፣ የእያንዳንዱ ቡሶላ ቁጥር፣ ባለ 6 ማዕዘን መሆኑ፣ የራቼቱ ብዛት፣ የማራዘሚያ ዘንጎቹ ርዝመት፣ ረጅሙ የመፍቻ ዘንግና ክሮቼራው ተለይተው ይጻፉ። የዓለም አቀፍ ደረጃዎችንም መጥቀስ ይቻላል፤ ለእጅ ቡሶላ አይ ኤስ ኦ 2725 ወይም የጀርመኑ ዲን 3124፣ ለመሰኪያው አይ ኤስ ኦ 1174፣ ለእጀታዎቹ አይ ኤስ ኦ 3315 አሉ። ከዚህም ጋር ናሙና እንዲቀርብ፣ የተሰበረ ቡሶላ በነጠላ እንዲተካ፣ የራቼቱም የውስጥ መለዋወጫ አብሮ እንዲመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ናሙናውን የሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥ በመሣሪያው የሚሠራው መካኒክ እንዲገኝ መደረግ አለበት።

7. አያያዝ

ጥሩ መሣሪያ በመጥፎ አያያዝ ዓመት አይሞላም። ራቼት የጠበቀ ብሎን መጀመሪያ ለማላቀቅ የተሠራ አይደለም። ለዚህ ጥርስ የሌለው ረጅሙ ዘንግ አለ፤ ራቼቱ የሚገባው ብሎኑ ከላላ በኋላ ነው። በራቼቱ እጀታ ላይ ቱቦ ሰክቶ ማስረዘም፣ በመዶሻም መምታት መከልከል አለበት። የዛገውን ብሎን አስቀድሞ በብረት ብሩሽ አጽድቶ ዘይት ማጠጣትና ጥቂት መጠበቅ ከጉልበት ይበልጣል።

ከሥራ በኋላ መሣሪያው ተጠርጎ፣ ራቼቱ አቧራ ከገባበት በናፍጣ ታጥቦና ደርቆ፣ በጥቂት ቀጭን ዘይት ይለስልስ። ለእያንዳንዱ ቡሶላ ቦታው የታወቀ ሣጥን ቢኖር የጎደለው በአንድ እይታ ይታወቃል። መኪናው ከጥገና ቦታ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሣጥኑ ይቆጠር፤ ተረካቢውም በመዝገብ ላይ ይፈርም። ከሁሉ ቀድመው የሚጠፉት ዘወትር ሥራ ላይ የሚውሉት እንደ 10፣ 12 እና 13 ያሉ ቁጥሮች ስለሆኑ፣ ከእነዚህ ሁለት ሁለት ትርፍ በንብረት ክፍል ማኖር ብልህነት ነው።

ለማጠቃለል፣ የመሣሪያ ግዥ ጥያቄ የሚያጸድቅ ኃላፊ ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቅ። የጣቢያው ማሽኖች የብሎን ልክ ተመዝግቧል ወይ? የመሰኪያው መጠን ለሥራው ክብደት ይስማማል ወይ? ናሙናው በመካኒክ ተፈትኗል ወይ? የጠፋውንና የተሰበረውን በነጠላ መተካት ይቻላል ወይ? ለአራቱም መልስ ከተገኘ፣ ሣጥኑ ትንሽ ቢሆንም እንኳ በመንገድ ላይ የቆመውን መኪና አስነሥቶ እህሉን ለሚጠብቀው ሕዝብ በጊዜው ለማድረስ ያስችላል።