ገና ላልፈሰሰ ደም ይቅርታ መለመን

ወደ ንስሐ አባቱ የሚቀርብ ሰው ዘወትር የሚናገረው ስላለፈው ነው። በሐሳብ፣ በቃልና በሥራ የበደለውን ዘርዝሮ ቀኖናውን ይቀበላል፤ ካህኑም ይፈታዋል። ነገ ሊያደርገው ስላሰበው ኀጢአት ዛሬ ሥርየት የሚለምን ቢመጣ ግን ምን ይመለስለታል? ይህ ጥያቄ የተነሣው ከጉባኤ ቤት አይደለም፤ ወጣቶቻችን ሳይቀሩ ከሚመለከቱት ከአንድ የአሜሪካ ፊልም ነው። ፊልም ነውና እንለፈው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ጥያቄው ከፊልሙ ይበልጣልና።

ዴርዴቪል የሚባለው ኀያል ሰው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ስታን ሊ የተባለ ደራሲና ቢል ኤቨረት የተባለ ሠዓሊ ማርቭል ለተባለው አሳታሚ የፈጠሩት የሥዕል መጽሔት ባለታሪክ ነው። የራሱ ስም ማት መርዶክ ይባላል። በኒው ዮርክ ከተማ ሄልስ ኪችን በተባለው ሰፈር የቡጢ ተጋጣሚ ልጅ ሆኖ ያደገ፣ በሕፃንነቱ አንድ ሽማግሌ ከመኪና አደጋ ሲያድን የዐይኑን ብርሃን ያጣ፣ የቀሩት ሕዋሳቱ ግን ከሰው ልክ በላይ የተሳሉለት ነው። ቀን ቀን ጠበቃ ሆኖ በፍርድ ቤት ይቆማል፤ ሌሊት ፊቱን ሸፍኖ ወንጀለኞችን በእጁ ይመታል። በ2015 ኔትፍሊክስ ባወጣው ተከታታይ ፊልም፣ ገና በመጀመሪያው ክፍል፣ በካቶሊካዊ ካህን ፊት ተቀምጦ ይታያል፤ የሚለምነውም ይቅርታ ስላደረገው ሳይሆን ሊያደርገው ስላለው ነገር ነው።

ተጋድሎው እንዲህ ነው። ዊልሰን ፊስክ የሚባል ባለጸጋ ሹማምንቱን በገንዘብ ገዝቶ ከተማይቱን በስውር ይገዛታል። ድኾች ቤታቸውን እንዲለቁለት ይሻል፤ አንዲት አሮጊትም ያስገድላል፤ በሕግ ሊይዘው የሚችል አይገኝም። መርዶክም ከካህኑ ጋር ሲከራከር መጽሐፈ ምሳሌን (25፥26) ያነሣል፤ ቃሉ በክፉ ሰው ፊት የሚወድቀውን ጻድቅ ከደፈረሰ ምንጭ ጋር ያስተያያል። መርዶክ ይህን፣ ጻድቅ ተነሥቶ ክፉውን ሊቃወመው ይገባል ብሎ ይተረጕመዋል። ካህኑ ግን ጻድቁ ራሱ ወደ ኀጢአት ሲወድቅ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣበት ጕድጓድ እንደ ተመረዘ ይሆናል ይለዋል። አንድምታ ለለመደ ጆሮ ሁለቱ ትርጓሜዎች «አንድም» እየተባሉ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ለእኛ ግን ሁለተኛው ይበልጣል፤ ክፉውን የገደለ ደግ ሰው በእርሱ ምሳሌነት ለሚኖሩት ሁሉ መግደልን የተቀደሰ ሥራ ያስመስልባቸዋልና።

ተሰውሮ መፍረድ በመጽሐፍ ቅዱስም አዲስ ነገር አይደለም። ሙሴ ግብፃዊው ዕብራዊውን ሲመታ ባየ ጊዜ (ዘፀ. 2፥11-14) ዙሪያውን ቃኝቶ፣ የሚያየው አለመኖሩን አረጋግጦ ገደለው፤ በአሸዋም ሸሸገው። የተበደለውን ለማዳን መነሣቱ መልካም ነበረ፤ ቅዱስ እስጢፋኖስም እግዚአብሔር በእጁ ሊያድናቸው መሆኑን ወገኖቹ የሚያስተውሉ መስሎት እንደ ነበረ ይመሰክርለታል (የሐዋ. 7፥25)። ነገር ግን ዙሪያውን መቃኘቱ ምን ነበረ? ሥራው ወደ ፍርድ አደባባይ የሚቀርብ ቢሆን ኖሮ አሸዋ ባላስፈለገው ነበር። በማግሥቱም ከገዛ ወገኑ አንዱ ሹመቱንና ዳኝነቱን ከማን እንዳገኘ ጠየቀው፤ ሙሴም መልስ አልነበረውምና ሸሸ። አርባ ዓመት በምድያም ቈይቶ እግዚአብሔር በላከው ጊዜ በእጁ የያዘው በትር እንጂ ሰይፍ አልነበረም። የመርዶክ ጭንብል ያው የሙሴ አሸዋ ነው። ቀን በዳኛ ፊት የሚሟገት ሰው ሌሊት ያለ ዳኛ ሲፈርድ፣ ያ ዕብራዊ የጠየቀው ጥያቄ እርሱንም ይጠብቀዋል።

በ2016 በወጣው ሁለተኛ ተከታታይ፣ ሚስቱና ልጆቹ የተገደሉበት ፍራንክ ካስል የሚባል የቀድሞ ወታደር ይመጣል። እርሱ ያለ ማመንታት ይገድላል። መርዶክን በጣሪያ ላይ በሰንሰለት አስሮ ሲሟገተው፣ መርዶክ የሚመታቸው ወንበዴዎች ተመልሰው እንደሚነሡ፣ እርሱ የሚመታቸው ግን ከቶ እንደማይነሡ ይነግረዋል። ሙግቱ ቀላል አይደለም። የተለቀቀው ወንበዴ ነገ ሌላ እናት ቢያስለቅስ፣ ሊያስቆመው ሲችል የተወው ሰው ስለ ዕንባዋ አይጠየቅምን? ይህን በአንድ ጥቅስ ለመዝጋት መቸኰል በኀዘንተኛ ላይ መጨከን ነው።

መርዶክ የሚመልሰው ስለ ተስፋ ነው፤ ሰው እስካልሞተ ድረስ ሊለወጥ ይችላል ይላል። በዚህ ላይ እኛ ከእርሱ የበለጠ ምስክር አለን። ሰኔ 24 ቀን የምናስበው አባ ሙሴ ጸሊም ከመመንኰሱ በፊት የወንበዴዎች አለቃ፣ ቀማኛና ነፍሰ ገዳይ ነበረ። በዚያን ጊዜ እንደ ካስል ያለ ተበቃይ አግኝቶት ቢሆን ኖሮ ተበቃዩን ብዙ ሰው ባመሰገነው ነበር፤ ገዳመ አስቄጥስ ግን አባቷን ባጣች ነበር። ፍጻሜውም የሚያስደንቅ ነው። በርበሮች በገዳሙ ላይ በመጡ ጊዜ መነኰሳቱ እንዲሸሹ ነግሮ እርሱ ቀረ፤ ሰይፍ ስለሚያነሡ ሰዎች ጌታ የተናገረው ቃል በራሱ ላይ የሚፈጸምበትን ቀን ሲጠብቅ እንደ ኖረም ተናገረ። ደሙንም ያለ መከላከል አፈሰሰ። እርሱ በወንበዴነቱ ዘመን ለገደላቸው ሰዎች ወላጆች ይህ ቅድስና ልጆቻቸውን እንዳልመለሰላቸው አንዘነጋም፤ የበደሉ ዕዳ ግን በሌላ ነፍስ መጥፋት ባልተከፈለ ነበር።

እንግዲህ መግደል ከቶ አይፈቀድምን? አባቶች እንዲህ አላሉም። ቅዱስ አትናቴዎስ ለአባ አሞን በጻፈው መልእክት፣ ነፍስ መግደል የተከለከለ ሲሆን በጦርነት ጠላትን መግደል ግን በሕግ የተፈቀደ መሆኑን ያነሣል። ሐዋርያውም ባለሥልጣን ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳልሆነ ጽፏል (ሮሜ 13፥4)። ልዩነቱ ያለው በሥልጣኑ ላይ ነው፤ ሰይፉ የሹሙ እንጂ የተበዳዩ አይደለም፤ ከዚያው አስቀድሞ በቀልን ለእግዚአብሔር እንድንተው ታዝዘናልና (ሮሜ 12፥19)። ይሁን እንጂ የተፈቀደ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ታላቁ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ለኢቆንዮን ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎክዮስ በላከው ቀኖና፣ ቀደምት አባቶች በጦርነት የሚሆነውን መግደል ከነፍስ ግድያ እንዳልቈጠሩት መስክሮ፣ የወታደሮቹ እጅ ንጹሕ ስላልሆነ ግን 3 ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢለዩ መልካም ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይመክራል። ወድዶ ለገደለ 20 ዓመት፣ ሳይወድ ለገደለ 10 ዓመት ወስኗል። ሳይወድ ለገደለ እንኳ 10 ዓመት! የእግዚአብሔርን ጦርነት የተዋጋ ዳዊትም ብዙ ደም ስላፈሰሰ ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ ተከልክሏል (1ኛ ዜና 22፥8)።

ይኸው አባት መሣሪያውን ሳይቀር ይመረምራል። ድንጋይ ወደ ውሻ ወርውሮ ሰው የመታ፣ ሊቀጣ ብሎ በበትር መትቶ ነፍስ ያጠፋም፣ ሳይወዱ ከገደሉት ወገን ይቈጠራሉ፤ ሰይፍ ወይም መጥረቢያ ያነሣ ግን አላሰብሁም ቢል አይሰማም። መርዶክን በዚህ ሚዛን ብናኖረው ምን ይገኛል? አልገድልም እያለ አንዱን ወንጀለኛ አሠቃይቶ ከጣሪያ ላይ ወርውሮታል። ሰውየው በዚያ ባይሞትም፣ ከጣሪያ የሚወረውር ሰው በሕይወት ይኑር ብሎ አይወረውርም። የፊልሙ ደራስያን ጀግናቸውን ከነፍሰ ገዳይነት ሊጠብቁ ሲሉ በዚህ ላይ ዐይናቸውን የጨፈኑ ይመስለናል።

በ2018 በወጣው ሦስተኛ ተከታታይ ካህኑ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ሴት ሲከልል ይገደላል። መርዶክም ፊስክን ሊገድል ይቈርጣል፤ በመጨረሻ ግን ጠላቱ በእጁ ከወደቀ በኋላ ራሱን ገትቶ ለሕግ አሳልፎ ይሰጠዋል። የካህኑ ምክር ፍሬውን ያፈራው ካህኑ ከሞተ በኋላ ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሥርየት በቅድሚያ አይሰጥም፤ ንስሐ መመለስ ነውና ገና ወደ ጥፋት እየገሠገሠ ያለ ሰው ተመለሰ አይባልም። ካህኑ ግን ይህን ብቻ ተናግሮ ቢያሰናብተው ሁለት ነፍስ ይጠፋል። ፈጽሞ የቈረጠ ሰው ወደ ካህን አይመጣም፤ የመጣው የሚይዘው ፈልጎ ነው። በአገራችን ደም ሊመልስ የተነሣውን ሰው ያስታረቀ ካህን ይህን ያውቃል። ናባል ዳዊትን በሰደበው ጊዜ ዳዊት 400 ሰው አስታጥቆ ቤቱን ሊያጠፋ ወጣ (1ኛ ሳሙ. 25)። አቢግያ እንጀራና ወይን አስጭና በመንገድ ተቀበለችው። ባሏ ንጹሕ ነው አላለችም፤ ስንፍናውን አስቀድማ ተናገረች። በከንቱ የፈሰሰ ደም በነገሠ ጊዜ ለልቡ ዕንቅፋት እንዳይሆንበት የለመነችው ከዚያ በኋላ ነው። የንስሐ አባትም ይህን ቅደም ተከተል ሊይዝ ይገባዋል፤ የተበዳዩን በደል ሳያምን ስለ ይቅርታ የሚጀምር መካሪ አይሰማምና።

ናባል ከ10 ቀን በኋላ በእግዚአብሔር እጅ ሞተ። ለሁሉ ሰው ግን እንዲህ ያለ 10 ቀን አይሰጠውም፤ የወንድሙን ገዳይ በየገበያው እያየ 10 ዓመት የሚኖር አለ። እንዲህ ያለውን ምእመን ካህኑ አንድ ቀን መክሮ የሚተወው አይደለም። ገዳዩ በፍርድ እስኪጠየቅ ወይም እርቅ እስኪወርድ ድረስ በየሰንበቱ ቤቱ እየገባ አብሮት ሊጸልይ፣ በገበያም ቀን ቢሆን አብሮት ሊወጣ ያስፈልገዋል።