ጎርፍ ለከበባቸው ሰዎች ምን ይላካል?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ በወጣቶች ትምህርት ላይ አንዲት እህታችን ያነሳችው ጥያቄ ነው። «ሶማሌ ክልል ጎርፍ ሲመጣ ልብስና የታሸገ ውሃ እንሰበስባለን። ለመሆኑ ይደርሳል?» ነበር ያለችው። እኔ የውሃ መሃንዲስ ነኝ። የዘካና የሰደቃን ብይን ኡስታዞቻችን ያስተምሩናል፤ ስለ ውሃ፣ ስለ ክብደትና ስለ መንገድ ግን የምለው አለኝ። አጭሩ መልሴ ይህ ነው፦ ከምንሰበስበው ውስጥ አብዛኛው በውሃ ለተከበበ ሰው በጊዜው አይደርስም። ሊደርስ የሚችለው እኛ ከምናስበው በጣም የቀለለ ነገር ነው።

መጀመሪያ ወንዙን እንወቅ። ዋቢ ሸበሌ የሚነሳው ከአርሲና ከባሌ ደጋ ነው። በኢሚ፣ በጎዴ፣ በቀላፎና በሙስታሂል አልፎ፣ ፌርፌር አካባቢ ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ውስጥ ወደ በለድወይን ይወርዳል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላው ዘንድ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ቀላፎ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይዋ እያከረረች፣ ወንዙ ከአፉ ሊፈስ ይችላል።

ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁ ስለ ድሬዳዋ ጎርፍ ሲያወሩ ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ያ ጎርፍ ፈጣን ነበር፤ መጣ፣ አጠፋ፣ በሰዓታት ውስጥ አለፈ። የዋቢ ሸበሌው ጠባይ ሌላ ነው። ከጎዴ በታች ያለው መሬት እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ስለሆነ ውሃው መሄጃ አጥቶ ይተኛል። ሰዎቹ ሳይሰጥሙ ይተርፉና ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከፍየሎቻቸው ጋር ይቀራሉ። መንገዱ ጭቃ ሆኗል፣ እህሉ በስብሷል፣ የጤና ኬላው በውሃው ማዶ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገድለው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ረሃቡ፣ ተቅማጡና ወባውም ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የሆነው እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ኤልኒኞ ከህንድ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ተገጣጥሞ የዴይሩ ዝናብ ከልክ በላይ ወረደ። ከዚያ በፊት አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ሕዝቡ ከብቱን በድርቅ ጨርሶ ነበር። ኮሌራም በዚያው ዓመት ክልሉ ውስጥ ነበር። ድርቅ ያደከመውን ሰው ነው ጎርፍ የከበበው።

«ለምን እዚያ ይኖራሉ ታዲያ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ያናድደኛል። ወንዙ ዳር የሚኖረው ገበሬ፣ ለምሳሌ ቀላፎና ሙስታሂል አካባቢ ያሉት ሬር ባሬዎች፣ በቆሎና ማሽላ የሚያበቅሉት ወንዙ በሚተወው ደለል ላይ ነው። መሬቱን ያለማው ያው ጎርፍ ነው። የሚያበላቸውን ቦታ ትተው ወዴት ይሂዱ?

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ውሃው 5,000 ሰው ከበበ እንበል። በሰብአዊ እርዳታ ሥራ የሚሠራበት መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ ነው፤ በጭንቅ ጊዜ ግማሹን፣ 7.5 ሊትር፣ እንውሰድ። ለ5,000 ሰው 37,500 ሊትር ይሆናል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ስለሚመዝን በየቀኑ 37 ቶን ተኩል ማለት ነው። በእርዳታ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ኤምአይ-8 ሄሊኮፕተር ቢበዛ ወደ 4 ቶን ይጭናል። ለውሃ ብቻ በየቀኑ አሥር ጊዜ ሊመላለስ ነው። ነዳጁን፣ የአየሩን ሁኔታና ማረፊያ ቦታውን ስታስቡት፣ አይሆንም።

ምግብስ? ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ ምግብ ብንል 2.5 ቶን ነው። አንድ በረራ የአንድ ቀኑን ያደርሳል። ምግብ በአየር ይሄዳል፤ ውሃ አይሄድም።

ታዲያ ውሃውን ምን እናድርገው? ውሃውማ ዙሪያቸውን ሞልቷል፤ የጠፋው ንጹሕ ውሃ ነው። መጠኑ 67 ሚሊግራም የሆነ አንድ የክሎሪን እንክብል 20 ሊትር ውሃ ያክማል። ለ37,500 ሊትር 1,875 እንክብል ይበቃል፤ ለአሥር ቀን 18,750። ይህ አንዲት አህያ የማይከብዳት ጭነት ነው። በአሥር ቀን 375 ቶን ውሃ ከማጓጓዝ ጋር አስተያዩት።

አንድ ችግር ግን አለ። የጎርፍ ውሃ ድፍርስ ነው፤ ክሎሪኑ ጭቃው ላይ ያልቅና ጀርሙ ይተርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን አሳድሮ ማጥለል፣ በወፍራም ጨርቅ ማጥራት፣ ከዚያ እንክብሉን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። አገር ቤት የሚመረተው ቢሻን ጋሪ የሚባለው ዱቄት ጭቃውንም አርግቶ ጀርሙንም ስለሚገድል ለእንዲህ ያለው ውሃ የተሻለ ነው። ደግሞ ጀሪካኑ በጎርፍ የተወሰደበት ቤተሰብ እንክብሉን የት ውስጥ ይጨምረው? ባልዲና ተጣጣፊ ጀሪካን አብሮ ካልሄደ እንክብሉ ኪስ ውስጥ ይቀራል። አጠቃቀሙም በሶማሊኛ ሊነገራቸው ይገባል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ምንም አይፈይድም።

ምግቡም ላይ እንዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል። ዱቄትና ሩዝ እሳት ይፈልጋሉ፤ እንጨቱ ሁሉ ርሷል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይበስል የሚበላ ይሻላል። ኃይል ሰጪ ብስኩት አለ፤ ቴምርም አለ። ቴምር አይበላሽም፣ ሕፃንም ሽማግሌም ይበላዋል፣ ሕዝቡም ያውቀዋል። በነገራችን ላይ አንድ ወንድም ስለ ውዱእ ጠይቆኝ ነበር። ያለው ንጹሕ ውሃ ለመጠጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ተየሙም ይበቃል፤ ዝርዝሩን ከኡስታዝ ጠይቁ።

ከሄሊኮፕተር ይልቅ ብዙ ሰው የሚያወጣው ጀልባ ነው። አገራችን ባሕር የላትም፤ ሞተር ጀልባ የለመደ ሰው በብዛት የሚገኘው ጣና፣ ዝዋይና አርባ ምንጭ አካባቢ ነው፣ ከጎዴ እጅግ ሩቅ። ጀልባው ቢደርስም የተጥለቀለቀው መሬት እርሻና ቁጥቋጦ ነበር፤ የሞተሩ መዘውር በእሾህ አጥርና በበቆሎ አገዳ ይታነቃል። ወንዙ አዞም አለበት። መለዋወጫ፣ ቤንዚንና የሞተር ዘይት፣ የሕይወት ጃኬት፣ አካባቢውን የሚያውቅ ነጂ ያስፈልጋሉ። ገንዘብ ለመሰብሰብ በሚወጣ ፖስተር ላይ የቤንዚን በርሜል ፎቶ አይቼ አላውቅም። ሰው የሚያወጣው ግን እሱ ነው።

አሁን እናንተ፣ ኮምፒውተር ላይ ያደጋችሁት። ደመና በሸፈነው ሰማይ ተራ የሳተላይት ፎቶ አይሠራም። የአውሮፓው ሴንቲኔል-1 ሳተላይት ግን በራዳር ስለሚያይ ደመናም ሌሊትም አያግደውም። ጸጥ ያለ ውሃ የራዳሩን ሞገድ እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው ምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በዚህ ውሃው የት እንደተኛ ይታወቃል። ሰው የት እንዳለ ግን አይታወቅም፤ ብዙ የገጠር መንደር ካርታ ላይ የለምና። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው ነጻ ካርታ ላይ ፈቃደኞች ከሳተላይት ፎቶ እያዩ ቤቶችንና መንገዶችን ይስላሉ። ሥራውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ትለምዱታላችሁ። መንደሩ ከጎርፉ በፊት ካርታ ላይ ከገባ፣ ጀልባ ነጂው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ አሮጌ ልብስ ከመጫን ገንዘብ መላክ ይሻላል፤ የልብሱ ማጓጓዣ ብዙ ጊዜ ከልብሱ ዋጋ ይበልጣል። ገንዘብም ቢሆን ሁሉ ቦታ አይሠራም። ቀላፎ ወይም ጎዴ ዘመድ ቤት ለተጠጉ ሰዎች በስልክ የሚላክ ብር ወዲያው ምግብ ይሆናል፤ ሱቁ ከተማው ውስጥ ቆሟልና። ደሴት ላይ ለቀረ ሰው ግን የሚገዛበት ሱቅ የለም፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሷል። ለእሱ እንክብሉ፣ ቴምሩና ጀልባው ይቅደሙ፤ ከነሱም ጋር አንድ የፀሐይ ስልክ መሙያ። ዘካ የሚሰጣቸው ወገኖች ተለይተው የታወቁ ስለሆኑ የነዳጁ ወጪ ከየትኛው ይሁን የሚለውን ኡስታዞቻችን ይወስኑ፤ የሰደቃ በር ግን ሰፊ ነው።

የዴይር ዝናብ ኦክቶበር ላይ ይጀምራል፣ የጉ ዝናብ ደግሞ ማርች መጨረሻ አካባቢ። ገንዘቡ ከዚያ ሁለት ወር ቀድሞ እዚያ ቢገኝ እንክብሉም ጀሪካኑም መንገድ ሳይቆረጥ ጎዴ መጋዘን ይገባል። ማኅበራችን ከአንድ ድርጅት ጋር ሊሠራ ሲነጋገር እናንተም ተገኙና ጠይቁ፦ ቀላፎ ላይ ሶማሊኛ የሚናገር ሰው አላችሁ? እንክብሉ አሁን የት ተቀምጧል? ጀልባው የማን ነው፣ ቤንዚኑስ ከየት ይቀዳል?