ማስታመም ስለ መልካም ኑሮና ስለ መልካም ዕረፍት የሚያስተምረን

ሰው ሁሉ እንደሚሞት የማያውቅ የለም፤ ይሁን እንጂ ሞቱን እያሰበ ኑሮውን የሚያስተካክል ጥቂት ነው። ሲራክ በምናደርገው ነገር ሁሉ ፍጻሜያችንን እንድናስታውስ የመከረን (ሲራ. 7፥36) ይህን ዝንጋታችንን ስላወቀ ነው።

በሰው ዕድሜ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋ አንድ ጊዜ አለ። ይኸውም ሐኪሙ ደዌውን የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ ከተናገረበት ቀን ጀምሮ ነፍስ ከሥጋ እስከምትለይበት ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ይህ ለአንዱ ጥቂት ቀን፣ ለሌላው ብዙ ወራት ይሆናል። ቤተሰቡ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል፤ ጎረቤቱም መርዶውን ይጠባበቃል። ነገር ግን ይህ ጊዜ የሕይወት ክፍል ነው፤ ለንስሐ፣ ለዕርቅና ለምስጋና ከእግዚአብሔር የተሰጠ ቀን ነው። በሞት አፋፍ ያሉትን ሕሙማን የሚያስታምሙ ነርሶች ሥራ ይህን እውነት በግልጥ ያሳያልና፣ ካህናትም ምእመናንም ከእርሱ የምንማረውን በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ማስታመም የቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥራ ስለ መሆኑ

ጌታችን በመጨረሻው ፍርድ ከሚመረምራቸው ሥራዎች አንዱ የታመመውን መጠየቅ እንደ ሆነ አስተምሮናል (ማቴ. 25፥36)። አባቶቻችንም ትምህርቱን በሥራ ገልጠውታል። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ቀጰዶቅያ ለድኾች፣ ለእንግዶች፣ ለሕሙማንና ለለምጻሞች ማደሪያ አሠራ፤ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችንም አኖረበት። በውዳሴ ማርያም ድርሰቱ የምናውቀው ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊም በኤዴሳ ከተማ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ ከባለጸጎች ገንዘብ ተቀብሎ ሦስት መቶ ያህል አልጋ አዘጋጀ፤ የታመሙትንም ሲያስታምም ቆይቶ በ373 ዐረፈ። እንግዲህ ያ ታላቅ ሊቅ ሥራውን የፈጸመው በብዕር ሳይሆን በሕሙማን አልጋ አጠገብ ነው።

በኋለኛው ዘመን ይህን አገልግሎት ከሕክምና ጥበብ ጋር አስተባብረው ያቆሙት ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። አስቀድሞ ነርስ ነበሩ፤ ኋላም ሕክምና ተምረው ሐኪም ሆኑ፤ በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈቱ። ሆስፒስ የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ነገሩ የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው። እኒህ ሴት ያስተማሩት ዐቢይ ነገር የሚሞት ሰው ሕመም ብዙ ወገን ያለው መሆኑን ነው፤ የሥጋ ሥቃይ አለ፣ የልብ ኀዘን አለ፣ የቤተሰብና የኑሮ ጭንቀት አለ፣ የነፍስም ጥያቄ አለ። አንዱን አስታግሶ ሌላውን መተው ሕሙሙን አያሳርፈውም።

ይህ ትምህርት ወደ አፍሪካም ደረሰ። ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 በኡጋንዳ ሆስፒስ አቋቋሙ። በሀገራችንም ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተባሉ ነርስ በ2003 በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሠረቱ፤ በካንሰርና በሌላ ጽኑ ደዌ የተያዙትን በየቤታቸው እየዞሩ ማስታመም የዚሁ ድርጅት ዋና ሥራ ሆነ። ጤና ሚኒስቴርም በ2016 ስለዚህ ሕክምና ብሔራዊ መመሪያ አወጣ። ይሁን እንጂ የሚያስፈልገው ብዙ፣ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ ይህ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል የሚያገኙት ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ለ. ሥቃይን ማስታገስ ከእምነት ጋር የማይጣላ ስለ መሆኑ

ነርሷ ወደ ሕሙሙ ቤት ስትገባ አስቀድማ የምትጠይቀው የሥቃዩን ነገር ነው፤ የት እንደሚያምመው፣ መቼ እንደሚበረታበት፣ እንቅልፍ ይነሣው እንደ ሆነ። ለጽኑ ሥቃይ የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት ሞርፊን ነው። ይህም ሥቃዩ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጣል፤ የሚጠጣው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በየአራት ሰዓቱ ነው። ሆድ የማድረቅ ጠባይ ስላለው ማለስለሻ አብሮት ይታዘዛል። ብዙ ሰው «ሱስ ያስይዛል፤ ሞትንም ያፋጥናል» ብሎ ይፈራዋል። ነገር ግን በባለሙያ ተመጥኖ ለሥቃይ ሲሰጥ ሕሙሙን ያሳርፈዋል እንጂ አይገድለውም። የዚህ ሕክምና ሕግ ሞትን አለማፋጠን፣ ያለ ጥቅምም አለማዘግየት ነው፤ ስለዚህ ነፍስ ማጥፋትን ከሚከለክለው ትምህርታችን ጋር አይጋጭም።

አንዳንድ ምእመናን ግን «ሥቃይ የኃጢአት ሥርየት ነውና መድኃኒቱን አልወስድም፤ ጌታችንም በመስቀሉ ጊዜ የቀረበለትን ሐሞት የተቀላቀለበትን መጠጥ አልጠጣም (ማቴ. 27፥34)» ይላሉ። ጌታችን ስለ እኛ በፈቃዱ መከራ መቀበሉ እውነት ነው። ነገር ግን የሌላውን ሕመም ባየ ጊዜ ፈወሰ እንጂ «ታገሥ» ብሎ አላለፈም። ደጉ ሳምራዊም በቈሰለው ሰው ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰለት (ሉቃ. 10፥34)፤ ሲራክም መድኃኒት ከእግዚአብሔር የተፈጠረ ስለ ሆነ አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው አስተምሯል (ሲራ. 38፥4)። የራስን ሥቃይ በትዕግሥት መሸከም ሌላ ነው፤ የወንድምን ሥቃይ እያዩ ማለፍ ሌላ ነው። ጸበልና መድኃኒትም ተቃዋሚዎች አይደሉም። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 በኤች አይ ቪ የታመሙት ጸበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር አስተባብረው እንዲወስዱ ያስተማሩት ስለዚህ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ብርቱ ሥቃይ ልቡናን ይበትናል፤ ሌሊቱን ሲጮኽ ያደረ ሰው ኃጢአቱን አስቦ ሊናዘዝ ይቸግረዋል። ያለ ማቋረጥ የሚያስመልሰው ሕሙምም ቅዱስ ቁርባንን ሊቀበል አይችልም። ማስመለሱን የሚከለክል መድኃኒት በጊዜው ቢሰጠውና ሥቃዩ ቢታገሥለት፣ ገና ተደግፎ መቆም በሚችልበት ወራት ወደ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ሥጋ ወደሙን ይቀበላል። ስለዚህ ነርሷ ለካህኑ መንገድ ጠራጊ ናት ማለት ይገባል።

ሐ. እውነቱን ስለ መናገር

በሀገራችን ጽኑ ደዌ በተገኘ ጊዜ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ የሚነግረው ለቤተሰቡ ነው፤ ቤተሰቡም «እንዳይደነግጥብን» ብሎ ከሕሙሙ ይደብቀዋል። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ሕሙሙ ነገሩን ከገዛ ሥጋው ያውቀዋል፤ እርሱ ልጆቹን እንዳያሳዝን፣ ልጆቹም እርሱን እንዳያስደነግጡ ዝም ይላሉ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ለብቻው ያለቅሳል።

ልምድ ያላት አስታማሚ ከዚህ የሚሻለውን መንገድ ታውቃለች። ነገሩን በድንገት አትናገርም፤ ሐሰትም አትናገርም። አስቀድማ ሕሙሙ ስለ ደዌው የሚያውቀውንና ሊያውቅ የሚፈልገውን ትጠይቃለች፤ ከዚያም አቅሙን እያየች በመጠን እንዲነገረው ታደርጋለች። ይህም መንገድ የቅዱሳት መጻሕፍት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ እንደሚሞት ገልጦ ነገረው፤ ንጉሡም ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ፣ አለቀሰም፤ ዐሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት (ኢሳ. 38፥1-5)። ባይነገረው ኖሮ በምን ምክንያት ያን ጸሎት ይጸልይ ነበር? ያዕቆብም ፍጻሜው መቅረቡን ዐውቆ ልጆቹን ሰበሰበ፣ ባረካቸው፣ የሚቀበርበትንም ስፍራ ነገራቸው (ዘፍ. 49)። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)።

ኑዛዜ የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይይዛል፤ በካህን ፊት ኃጢአትን መናዘዝም ኑዛዜ ነው፤ ስለ ቤትና ስለ ንብረት የመጨረሻ ቃል መስጠትም ኑዛዜ ነው። እውነቱ የተደበቀበት ሰው ሁለቱንም ሳይፈጽም ያልፋል፤ ነፍሱ ያለ ንስሐ፣ ልጆቹም በውርስ ክርክር ይቀራሉ። የነፍስ አባት የሚጠራው ምላስ ከተሳሰረ በኋላ ነው። ምሥጢረ ቀንዲልንም የሞት ምልክት አድርጎ የሚፈራው አለ፤ ሐዋርያው ያዕቆብ ግን ካህናት ተጠርተው በዘይት እንዲቀቡት ያዘዘው ለታመመው ፈውስ ነው (ያዕ. 5፥14-15)።

መ. አብሮ ስለ መቆየት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጀሞና በለቡ በጎፋም ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ይህ ነገር ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ከመሀል ከተማ ተነሥተው የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ከቀድሞ ጎረቤቶቻቸውና ከእድራቸው ርቀዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛ ሕሙም ማንሻ መኪና በሌለበት ደረጃውን መውረድ አይችልም፤ የቅዳሴውን ድምፅ በመስኮት እየሰማ ወደ ቅጽሩ አይደርስም። በሞተ ጊዜ ግን ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ሕዝብ ይሰበሰባል። እድራችን ለኀዘንተኛ የሚያደርገው ደግ ሥራ የሚመሰገን ነው፤ በኤች አይ ቪ ዘመን የታመሙትን በቤታቸው መርዳት የጀመሩ እድሮችም ነበሩ። ከቀብር በኋላ ከሚመጡት ሰዎች ከዐሥር አንዱ እንኳ ከዕረፍቱ በፊት ተራ ገብቶ ቢያስታምም ኖሮ የቤቱ ሸክም ምን ያህል በቀለለ ነበር!

ለማስታመም ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም። የማይንቀሳቀሰውን በየሁለት ሰዓቱ ያህል ማገላበጥ ገላው እንዳይቈስል ይጠብቀዋል። የደረቀ ከንፈሩን በውኃ ማርጠብ ታላቅ ምጽዋት ነው። በመጨረሻዎቹ ቀኖች እህል እንቢ ሲል በግድ ማጉረስ አይገባም፤ ሥጋው ምግቡን ስለማይቀበለው ያንቀዋል እንጂ አይጠቅመውም። ዐይኑን የከደነውም መስማት ይችል ይሆናልና በአጠገቡ ስለ ቀብሩ መነጋገር ቀርቶ መዝሙረ ዳዊት ሊነበብለት፣ የይቅርታም ቃል ሊነገረው ይገባል። ጌታችን በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱን የለመናቸው ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ብቻ ነበረ (ማቴ. 26፥38)፤ እነርሱ ግን አንቀላፉ።

ሠ. ቁጭትና ንስሐ ስለ መለየታቸው

ብሮኒ ዌር የተባሉ አውስትራሊያዊት አስታማሚ ከሚሞቱ ሰዎች አፍ የሰሙትን ቁጭት በመጽሐፍ ጽፈዋል፤ ብዙዎቹ ሥራ ማብዛታቸው፣ ወዳጆቻቸውን መዘንጋታቸውና በልባቸው ያለውን ፍቅር አለመናገራቸው ይቈጫቸው ነበር። ይህ ለማንኛችንም የሚጠቅም ተግሣጽ ነው። ነገር ግን ቁጭት ብቻውን አያድንም። ይሁዳም ተጸጸተ (ማቴ. 27፥3)፤ ጴጥሮስም አለቀሰ (ማቴ. 26፥75)። አንዱ በጸጸቱ ውስጥ ብቻውን ጠፋ፤ ሁለተኛው ወደ ጌታው ተመልሶ ይቅርታን አገኘ። ቁጭት ያለፈውን እያየ ያዝናል፤ ንስሐ ግን ወደ ይቅር ባዩ አምላክ ይመለሳል። ንስሐም የሞት አልጋን አይጠብቅም፤ ዛሬ ጤና ያለው ሰው ዛሬ ይታረቅ፣ ዛሬ ዕዳውን ይክፈል፣ ዛሬ ለልጆቹ የፍቅር ቃል ይናገር። እንዲህ የኖረ ሰው በሞቱ ጊዜ አዲስ ሥራ አይጀምርም፤ የለመደውን ይፈጽማል።

ስለዚህ የሕሙማን ቤተሰቦች ሆይ፣ የነፍስ አባታችሁን ገና በጊዜው ጥሩ፤ ማስታገሻውንም ያለ ፍርሃት በሐኪም ትእዛዝ ስጡ። የእድር አለቆችና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሆይ፣ በየሕንጻችሁ የተኛውን ሕሙም ቍጠሩ፤ የማስታመም ተራም አውጡ። እኛም ካህናት ለፍትሐት እንደምንፋጠን እንዲሁ ለሕያው ሕሙም እንፋጠን፤ ነርሷንም እንደ አገልግሎት ባልንጀራ እንቀበላት።

የሕሙማን ጠያቂ፣ የሙታን ተስፋ እግዚአብሔር አምላካችን የታመሙትን ይጐብኝልን፤ የሚያስታምሙትን ያበርታልን፤ ለሁላችንም ፍጻሜያችንን ያሳምርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።